ከገበሩ ስር

ይድረስ ለእማዬ፤

ሰላምታዬ ከናፍቆቴ ጋር ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም «ይተወኛል፣ ይተወኛል» እያልሽው ነው? የስፌት መኪናሽስ እንደ ልማዷ ትነጫነጫለች? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ የለም። ጽሕፈቴ ባያምር ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ጣቴ ስለቀዘቀዘ ነውና አትስጊ።

ዘንድሮ ከምንማራቸው ትምህርቶች አንዱ ስለ ዘላቂነት ነው። መግቢያ ስለሆነ ቀላል ነው ብለውን ነበር። መምህራችን በመጀመሪያው ቀን፣ የነገውን ትውልድ ድርሻ ሳይነኩ የዛሬን ችግር መወጣት ማለት ነው ብላ አስጻፈችን። ሌላው ሲጽፍ እኔ ሳቄ መጣ። እጥፋትሽ ትዝ ብሎኝ ነው። የቀሚሴን ጫፍ አራት ጣት አጥፈሽ ትሰፊና ቁመቴ በጨመረ ቁጥር ትለቂልኝ ነበር። እኔ ደግሞ የድሮው እጥፋት መስመር ታየብኝ ብዬ አኮርፍሽ ነበር። ለካ ኮሌጅ ገብቼ የምማረውን ያን ጊዜ ለብሼው ነበር የምዞረው። ይቅር በይኝ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ፣ አንድ የራሳችሁን ዕቃ መርጣችሁ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ እየተከተላችሁ ጻፉ ተባልን። እኔ ያው ልመጣ ስል የሰፋሽልኝን ካፖርት መረጥኩ። ጨርቁን ከሱቅ አዲስ ገዛሁት ብለሽኝ አልነበር? እሱኑ በኩራት ጻፍኩ። ከዚያ የጨርቁን ዓይነት በደንብ ልየው ብዬ ገበሩን ከጀርባ በኩል በትንሹ ተረተርኩት።

ካፖርቱ ከውጭ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከገበሩ ስር ያለው የጨርቁ ሌላ ፊት ግን ፀሐይ የመታው፣ የገረጣ ነው። ወገቡ ላይ ደግሞ የካውያ ጫፍ የምታህል ቡናማ ምልክት አለች።

በዘጠኝ ዓመቴ፣ ላግዝሽ ብዬ ካፖርትሽን በካውያ ያቃጠልኩበት ቀን ትዝ ይልሻል? እመታለሁ ብዬ አልጋ ስር ገባሁ። አንቺ ተንበርክከሽ፣ «ምልክቱ ከኋላ ስለሆነ እኔ አላየውም፣ ከኋላዬ የሚሄድ ሰው ይጨነቅበት» አልሽኝ። በሳቅ ነበር የወጣሁት።

የጻፍኩትን ሰርዤ «ጨርቁ ከየት መጣ» የሚለውን ባዶ ትቼ ሰጠሁ። መምህራችን ምነው ስትለኝ እናቴን መጠየቅ አለብኝ አልኳት። ነጥብ ቀነሰችብኝ፤ ትቀንስ።

ለመሆኑ ልመጣ ስል አክስቴ ተውሳ ወሰደችው ያልሽኝን ካፖርትሽን መለሰችልሽ? በዚህ ብርድ ማልደሽ ስትወጪ ምን ደርበሽ ነው?

አሁን ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። ኮሌጁ ለአዲስ ተማሪዎች በሙሉ ወፍራም ካፖርት አደለን። አንድ ሰው ሁለት ካፖርት ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ይሄኛውን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ገበሩን ራሴ መልሼ ሰፍቼዋለሁ፤ ስፌቱ ቢጠማዘዝ አትሳቂብኝ። ጎንና ጎኑ ላይ የተውሽው ትርፍ ስላለ ለቀቅ ብታደርጊው ልክሽ ይሆናል። እስክመጣ እየለበስሽ አቆዪልኝ፤ ዝም ብሎ ከተሰቀለ ብል ይበላዋል። ለአክስቴም እንዳታውሺው።

መርፌሽ አይዶልዱም፣ ዓይንሽ አይድከም፣ ደረትሽን ብርድ አያግኘው። መልስ ስትጽፊልኝ ስለ ሳልሽ እውነቱን ንገሪኝ። የአዲሱን ካፖርት ቀለም ግን አትጠይቂኝ።

አልጋ ስር የምትደበቀው ልጅሽ