ማላር የሚለው ስም

ሐምሌ 3
ለነገ ቁርስ፣ ለኢድሊ ቂጣ ሩዝ ዘፈዘፍኩ። ዛሬም ዝናብ የለም። ልጄ ካያል ከልምምድ ስትመለስ ክርኗ ተልጧል… ዘይት ቀባኋት። በከፍታ ዝላይ አንድ ሜትር ከሰባ ዘልላለች። ጋዜጣ ላይ ከወጣ «ማላር» ብለው ነው የሚጽፉት። ቤት ውስጥ ካያል፣ ሜዳ ላይ ማላር።

ሐምሌ 6
አሰልጣኟ ዴቫኪ ቤት ድረስ መጣች። የስፖርት ማሠልጠኛው ካያልን ይፈልጋታል፤ ግን ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ብቻ ነው የሚቀበለው። አጥንቷን ራጅ አንስተው አሥራ ሰባት ነው አሉ። ወረቀቷ አሥራ ዘጠኝ ይላል።
«እማማ፣ ሰው ለልጁ ዕድሜ ይቀንሳል። እናንተ ትጨምራላችሁ?» ብላ ሳቀች።
ነገርኳት። ወረቀቱ የመጀመሪያ ልጄ የማላር ነው። በትኩሳት ሞተች… ካያልን አርግዤ ነበር። ካያል ቤት ተወለደች፤ ወረቀት አልወጣላትም። አራት ዓመት ሲሞላት አባቷ ስድስት በሚለው በእህቷ ወረቀት ትምህርት ቤት አስገባት። እኔ ሽመና ፋብሪካ ነበር የምውለው። ማን ይይዝልኝ?
ዴቫኪ መሳቋን ተወች። «የማላርን ሞት ማስመዝገብ አለብዎት» አለች። «እስከ ወሩ መጨረሻ።»

ሐምሌ 7
መዝገብ ቤት አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ።

ሐምሌ 11
ዛሬም አልሄድኩም። ካያል አኩርፋለች።
«አንቺ ውድድር የምትመጪው ለእኔ አይደለም» አለችኝ። «ስሟ ሲጠራ ለመስማት ነው።»
«ማን አለሽ?»
«አይቼሻለሁ። ሲጠሩኝ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ስዘል ግን ከሴቶቹ ጋር ወሬ ይዘሻል።»
ድስቱን ማማሰል ቀጠልኩ። እውነቷን ነው። በድምፅ ማጉያ «ማላር» ሲሉ… ለትንሽ ጊዜ አድጋ የቆመች ይመስለኛል። እኔ ከፈረምኩ ማን ይጠራታል?

ሐምሌ 15
መዝገብ ቤት ሄድኩ። ወረፋው እስከ በሩ።
«አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ?» አለች ጸሐፊዋ።
«እዚሁ።»
«የሞተችበት ቀን?»
ነገርኳት። ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።
«ሰዓት አልጠየቅኩሽም፣ እህቴ።» ግን ጻፈችው።
ፈረምኩ። ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ከኋላዬ ያሉት አጉረመረሙ። ምዝገባው ስለዘገየ ገና ዳኛ ፊት ቀርቤ መማል አለብኝ። ደከመኝ።

ሐምሌ 30
ወረቀቶቹ ወጡ። የሞት የማላር፣ የልደት የካያል። ማሠልጠኛው ተቀበላት። አባቷ ሁለቱንም ተቀብሎ አይቶ መለሰልኝ።

ነሐሴ 20
ጠዋት ሩዝ በሙዝ ቅጠል አድርጌ ጣሪያ ላይ ለቁራ አስቀመጥኩ። ለሞተ ሰው እንደሚደረገው። ለማላር እስከ ዛሬ አድርጌ አላውቅም፤ በስሟ የምትጠራ ልጅ በሕይወት እያለች ሟርት ነው ይል ነበር አባቷ። ቁራው ሳይመጣ ቆየ። ካያል ቦርሳዋን አንግባ አጠገቤ ቆመች።
«እንሂድ፣ ይረፍድብሻል» አልኳት።
«ይብላ። ሌላ አውቶቡስ አለ።»
ከሰዓት ውድድር። በድምፅ ማጉያው «ካያል» ሲሉ የማን ልጅ ናት ብዬ ዞር ዞር አልኩ… የኔዋ ተነስታ ቆመች።