ሱሪው እስከ ሐሙስ ይቆይ

ዓሪፍ ወንድሜ፣

ዛሬ ረፋዱ ላይ እዚህ ህንድ፣ ሃይደራባድ ውስጥ ኩርታ ተለካሁ። ኩርታ የሚሉት እጅጌው ረጅም፣ ጉልበት የሚደርስ፣ ከሱሪ ጋር የሚለበስ ሸሚዝ ነው። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት እሑድ ማታ ልጁን ስለሚድር ጠርቶኛል። የልጅህ የናጅዋም ኒካህ ያው እሑድ ነው።

መጀመሪያ ያነሳሁት ግን ሽርጥ ነበር። መደርደሪያው ላይ የኛኑ የሚመስል አየሁና፣ እኛ መርሳ ከተማ ለኒካህ እንደምንለብሰው አገልድሜው መስታወት ፊት ቆምኩ። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ሳቁ።

“ወንድሜ፣ ይህን ለብሰህ ሰርግ ከሄድክ ከአልጋ ተነስቶ የመጣ ነው ይሉሃል።”

“እኛ አገር ደግሞ የሚሳቅብኝ ሱሪ ብለብስ ነው” አልኳቸው።

ባልታከመው ደህናው ዓይኔ መስታወቱን ሳይ፣ ከጁምዓ መልስ ማንጎ ሻጮቹ አጠገብ ካንተ ጋር ቆሜ የማወራ መሰለኝ። ሽርጡን ለመፍታት ጊዜ ወሰደብኝ።

ለናጅዋ ምስክር እሆናለሁ ያልኩትን አልረሳሁም። ሐኪሙ ግን ቀዶ ሕክምናው ላይ ዓይኔ ውስጥ የሞላው አየር ሳይጠፋ አውሮፕላን አልፈቅድም ብሏል።

ይህን ፖስት ካርድ ነገ ወደ አገር የሚመለስ የወልድያ ሰው ያደርስልሃል። ቦታው ጠበበኝ፤ ባለቤትህን ሀስናን፣ ሙሽራዋን፣ የመስጊድ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ሰፊው “ሱሪውን ልቁረጠው?” ሲሉኝ ይቆይ አልኳቸው። መብረር ከተፈቀደልኝ ኩርታውን ከሽርጤ ጋር ለብሼ አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ ካልተፈቀደልኝ ሱሪው ይሰፋል። ሐኪሙ የሚነግረኝ ሐሙስ ጠዋት ነው።

አብዱልጀሊል