ስለ ቤቴ፣ ስለ እንሰቴና ስለ ጨብጤ የተሰጠ የመጨረሻ ቃል

ዛሬ እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እኔ ብዙነህ ኤርጃቦ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ ጡረታ የወጣሁ የጤና ረዳት፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ሆሳዕና ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ሳሎን ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ ለመምህር ሶፎንያስ እየነገርኩ አስጽፌአለሁ። ኩላሊቶቼ የሥራ መልቀቂያ አስገብተዋል፤ አእምሮዬ ግን በሥራ ገበታው ላይ ነው። ሐኪሜ ባለፈው ሳምንት ሊፈትነኝ ቀኑን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ እሱ ካርዱ ላይ የጻፈው ቀን የተሳሳተ መሆኑንም ጨምሬ ነገርኩት።

ከአራቱ ምስክሮች ሌላ በቤቱ ያሉት ባለቤቴ ወይዘሮ ገነቴ ሃንዲኖ፣ ታላቅ እህቴ ወይዘሮ ትርፊት፣ ታናሽ ወንድሜ ሀብታሙና የእሱ ልጅ ነህምያ ናቸው። ሀብታሙ ሜትር ይዞ መጣ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ግቢውን በእርምጃ ሲለካ ግን በመስኮት አይቼዋለሁ።

አንደኛ። ልጅ ስላልወለድን ይህ ቤት ወደ ኤርጃቦ ዘር ይመለሳል የሚል ተስፋ በቤተሰቡ ዘንድ እንዳለ አውቃለሁ። የቤቱ ግማሽ በሕግ የገነቴ ነው። የእኔን ግማሽም ለእርሷ ሰጥቻለሁ። ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ስለሚሆን ሀብታሙ ለማስላት አይድከም።

ሁለተኛ። በሌሞ ያለው የእንሰት ማሳም የእርሷ ይሁን። ወረቀቱ በስሜ ቢሆንም የተከለችው እርሷ፣ የፋቀችው እርሷ ናት። የእኔ ድርሻ መብላት ነበር፤ እርሱንም በሚገባ ተወጥቻለሁ።

ሦስተኛ። ለወንድሜ ለሀብታሙ ፈረሴን ከነጋሪው ሰጥቻለሁ። ፈረሱ ግትር ነው፤ አይቸገሩም፣ ይግባባሉ።

አራተኛ። ቤቱ ለምን ለገነቴ ብቻ ተሰጠ የሚል ክርክር እንዳይነሳ ምክንያቱን እናገራለሁ። በ1974 ዓ.ም. ለሦስት ወር ሥልጠና ሻሸመኔ ተላክሁ። ሥልጠናው ስለ ተላላፊ በሽታዎች ነበር፤ የተግባር ልምምዱን በራሴ ተነሳሽነት አደረግሁ። የምስክር ወረቀትና ጨብጥ ይዤ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ሀብታሙ አቋርጦኝ፣ «ጋሼ፣ ይሄ በሰው ፊት የሚወራ ነገር ነው?» ብሏል። «የገነቴስ በሰው ፊት አልተወራም?» ብዬዋለሁ። ተቀምጧል።

ወደ ቤቴ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ሽንቴ አቃጠለኝ፣ መግልም ታየኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም፤ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ሥዕሉን የለጠፍኩት እኔ ነበርኩ። እዚያው በሩን ቆልፌ የፔኒሲሊን መርፌ ራሴን በራሴ ወጋሁ፤ በሦስት ቀን ዳንኩ። መርፌውን ከመወጋቴ በፊት ግን ከገነቴ ጋር ተኝቼ ነበር። እርሷ አመመኝ አላለችም፤ እኔም አልያዛትም ብዬ ዝም አልኩ። ይህ ስህተት ነበር፤ ስህተት መሆኑንም አውቅ ነበር። ጨብጥ በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳይም። ድምፁን አጥፍቶ ወደ ማህፀን፣ ከዚያም ወደ ቱቦዎቹ ይወጣል፤ ጠባሳም ይተዋል። ከዚያ ወዲያ የሚሰጥ መድኃኒት ጀርሙን እንጂ ጠባሳውን አያነሳም። ለታካሚዎቼ ጠዋት ጠዋት ባለቤትህን ሳታመጣ ታከምኩ እንዳትል እያልኩ እቆጣ ስለነበር ጥብቅ ሰው እባል ነበር።

ልጅ ዘገየ። ለገነቴ ሦስት ጊዜ ጸሎት ተደረገላት። የመካንነት መንፈስ እንዲወጣ ሲታዘዝ እኔ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዤ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር፤ ማንም እኔን ውጣ አላለኝም። ቤተሰቡ ሌላ ሴት እንዳስብ በሹክሹክታ ሲመክረኝ እምቢ በማለቴ ብዙነህ ታጋሽ ነው ተባለ። አርባ ዓመት የለበስኩትን ይህን ምስጋና ዛሬ አውልቄ መልሻለሁ።

በ1982 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወስጄ አስመረመርኳት። የዚያን ጊዜ የገነቴ አማርኛ ከገበያ አያልፍም ነበር፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ዶክተሩ ቱቦዎቿ ሳይታከም በቆየ ኢንፌክሽን ተዘግተዋል አለ። እኔን ታመህ ታውቃለህ ወይ አለኝ፤ አላውቅም አልኩት። ለእርሷ በሀዲይኛ የተረጎምኩላት፣ ምክንያቱ አይታወቅም፣ እግዚአብሔርን ጠብቂ ብሏል ብዬ ነው። ዶክተሩ ይህን አላለም።

ባለፈው ወር እውነቱን ነገርኳት። የምታበጥረውን ስንዴ ጨርሳ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ለእኔ ብቻ ነግረህ ልትሞት ነው? እኔ ራሴን አልሰደብኩም። የሰደቡኝ ሰዎች ፊት ተናገር» አለችኝ። ዛሬ እናንተን የጠራሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛ። ነህምያ ከፋሲካ በኋላ ሩትን ያገባል። ቤተ ክርስቲያን የጠየቀችውን የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት በፕላስቲክ አስለብጦ፣ «አጎቴ፣ ንጹሕ ነኝ፤ ወረቀት አለኝ» እያለ አሳይቶኛል። ልጄ፣ ያ ወረቀት የተጠየቀውን አንድ ጥያቄ መለሰ እንጂ ስለ ቂጥኝ፣ ስለ ጉበት ቫይረስና ስለ ጨብጥ ማንም አልጠየቀውም። ከሩት ጋር አብራችሁ ሂዱና በምርመራ አስጠይቁት። ቂጥኝ ዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጥና ከእናት ወደ ፅንስ ይሻገራል፤ በጊዜ ከታወቀ ግን ይድናል። የጉበት ቫይረሱ ሳይዛችሁ የምትከተቡት ክትባት አለው። በትዳር ውስጥ አንዳችሁ ብትያዙ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ታከሙ፤ ሕክምናውም እስኪያልቅ ለየብቻ እደሩ። በፋርማሲ መስኮት በሹክሹክታ የሚጠየቅ ሦስት ፍሬ ካፕሱል ሕክምና አይደለም፤ መድኃኒቱን እንዲለምድ ለጀርሙ ሥልጠና መስጠት ነው። የሕክምና መጻሕፍቴን ሁሉ ለአንተ ሰጥቻለሁ። ለቀድሞ ባለቤታቸው ስላልጠቀሙ በጥንቃቄ አንብባቸው።

ስድስተኛ። ለገነቴ ሌላ የምተወው የለኝም። ይቅር በይኝ የሚል አንቀጽ መምህር ሶፎንያስ ሊጨምር አስቦ ነበር፤ ከልክዬዋለሁ። በኑዛዜ ስጦታ ይሰጣል እንጂ አይጠየቅም።

ይህ ኑዛዜ በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከላይ እስከ ታች ተነቧል። ንባቡ እንዳበቃ ወይዘሮ ገነቴ፣ «ወይዘሮ ትርፊት የጽሕፈት አማርኛ ስለማይገባት አራተኛው አንቀጽ በሀዲይኛ ይነገር» ብላለች። መምህር ሶፎንያስ የዱራሜ ሰው በመሆኑ የሚችለው ከምባትኛ ነው፤ ስለዚህ ራሴ ተናግሬአለሁ። በአማርኛ ከወሰደብኝ ጊዜ እጥፍ ወስዶብኛል።

ወይዘሮ ትርፊት ገነቴን መካን ናት ብላ አራስ ቤት እንዳትገባ ስትከለክል የኖረች ናት። ሰምታ ስትጨርስ ወደ ገነቴ አላየችም፤ ወደ እኔ ነው ያየችው።

«ያ መርፌ ለሁለት ሰው አይበቃም ነበር?» ብላ ጠይቃኛለች።

የጤና ጣቢያው የመድኃኒት ቁም ሣጥን ሙሉ ነበር፤ ይበቃ ነበር ብዬ መልሻለሁ። ወይዘሮ ገነቴ ይህም ይጻፍ ስላለች ተጽፏል።

ተናዛዥ፦ ብዙነህ ኤርጃቦ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ሲስተር ሮማን፣ ነርስ (ፊርማ)
አቶ ተገኘ፣ የዕድር ዳኛ (ፊርማ)
አቶ ናስረዲን፣ ነጋዴና ጎረቤት (ፊርማ)
አቶ ዮሴፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በጸሎቶቹ ላይ የነበሩ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ መምህር ሶፎንያስ (ፊርማ)

አቶ ሀብታሙ ኤርጃቦ፣ ምስክር ሳይሆኑ፣ በወይዘሮ ገነቴ ጥያቄ መስማታቸውን ብቻ ያረጋገጡ (ፊርማ)