እማዬ የቀነጠሰቻቸው ቅጠሎች

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018
አውሮራ

ውድ እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ ጽፌ እንደምጨርሰው እርግጠኛ አይደለሁም። ብጨርሰውም እንደምሰጥሽ አላውቅም። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ትናንት ስትደውዪ «በላሽ ወይ?» አልሽኝ፣ «አዎ» አልኩሽ። «ትምህርትስ?» አልሽኝ፣ «ደህና ነው» አልኩሽ። የአክስቴ የዓለምነሽ ቴሌቪዥን ከኋላሽ ይሰማኝ ነበር። ልነግርሽ የፈለግኩትን ሳልነግርሽ «ቻው እማዬ» ብዬ ዘጋሁት። እኔን ታውቂኛለሽ። አፌ የሚፈታው ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

ወረቀት ያስያዘኝ ስለ አፓርትመንቱ የነገርሽኝ ነው። እዚያው ሎውሪ፣ አክስቴ ቤት አጠገብ አግኝተሻል፤ ቅዳሜ የኪራይ ውሉን፣ ሊዙን፣ ትፈርሚያለሽ። «ለአንቺም አልጋ ይገባል» አልሽኝ። ቤት ያገኘ ሰው ድምፅ አልነበረም። ግን አንድ ጊዜ ከፈረምሽ እንደማትመለሺ አውቃለሁ። አንቺ የጀመርሽውን ነገር ትተሽ አታውቂም፣ ቢያስለቅስሽም።

ስለዚህ ስለዚያ ቀን ልንገርሽ። አንቺም እዚያው ነበርሽ፤ ግን እኔ ከቆምኩበት ቦታ ሆነሽ አላየሽውም።

አባዬ ያንን ነገር ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት ውስጥ መትከሉን ሲነግርሽ ያልሽው ትዝ ይልሻል? «ከሻሸመኔ እስከ አውሮራ ተከትሎኝ መጣ!» ብለሽ ራስሽን ያዝሽ። አንቺ ሀሺሽ ትዪዋለሽ፣ እሱ መድኃኒቴ ይለዋል። ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፋ ወገቡ ከተጎዳ በኋላ ክኒኑ ሆዱን ሲያቃጥለው፣ አበባውን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ መቀባት ጀመረ። የዚህ ግዛት ሕግ ለትልቅ ሰው ይፈቅዳል፣ ክፍሉ ግን ይቆለፋል፣ ሃያ አንድ ያልሞላውም አይገባም። አባዬ በዚህ አይቀልድም። ውሃ ሲያጠጣ «እዚያው» ይለኛል፣ እኔም ደጃፉ ላይ እቆማለሁ። ደጃፍ ላይ መቆም አይከብደኝም። ትምህርት ቤትም ቤተ ክርስቲያንም የምቆመው እዚያው ነው።

አንቺን ያናደደሽ ተክሉ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ሲወርድ «እንደምን አደራችሁ» ሲላቸው ከኩሽና ይሰማሽ ነበር።

«እነሱን እንደምን አደራችሁ ትላለህ» አልሽው አንድ ቀን። «እኔን ግን በሩን ዘግተህብኝ ነው የምትወጣው።»

«እነሱ አይመልሱልኝማ» አለሽ እየሳቀ።

«እኔም መመለስ ትቻለሁ» አልሽው። አንቺ አልሳቅሽም። እሱ ግን የሳቅሽ መስሎት ሄደ።

ከዚያ የአባዬ ጓደኛ ጋሽ ኤርሚያስ የመጣ እሑድ አለ። ዴንቨር ውስጥ ፈቃድ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የዚህኑ ተክል ቅጠል ሲያነሳ ይውላል። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ አንገቱን ነቀነቀ።

«ፍቅሬ፣ ቅጠሉን አንሳለት እንጂ። ታፍኗል። የላዩ የታችኛውን ጋርዶታል። እርጥበቱ ሲጠራቀም አበባው ይሻግትብሃል።»

«ቅጠሉ አይደል እንዴ የሚያበላው?» አለ አባዬ። «አፉን ቆርጬ ብላ ልበለው?»

«ሁሉንም አንሳ ማን አለህ? መርጠህ ነው። ትንሽ ታነሳለህ፣ ትተወዋለህ፣ ሲያገግም ደግሞ ታየዋለህ።»

«እናንተ ጋ ሺህ ነው። አንዱ ቢሞት ማንም አያለቅስለትም። እኔ ያለኝ አራት ነው።»

አንቺ የልብስ ቅርጫት ታቅፈሽ ደረጃው ላይ ቆመሽ ነበር። «እኔን አይመለከተኝም» አልሽ። «እግዚአብሔርም አይወደው። ግን ታፍኗል። ጎመን ቢሆን ይሄኔ ከሥር ከሥሩ ቀንጥሼለት ነበር።»

«ጎመን አይደለም፣ ሰርኬ።»

«እሱንማ አየሁ። ጎመን ቢሆን ለሰው ይተርፍ ነበር።»

ጋሽ ኤርሚያስ ሳቁ ግድግዳ አስደገፈው። አባዬም ሳቀ። አንቺም ዞር ስትዪ ከንፈርሽን ነክሰሽ ነበር፣ አየሁሽ። በዚያ ቤት ሁላችሁም በአንድ ነገር ስትስቁ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ሰርኬ ብሎ ሲጠራሽ ከሰማሁም እንደዚያው።

ያ ቅዳሜ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባዬ ድርብ ሺፍት ነበረበት። አንቺ ትልቁን ማጥለያ ይዘሽ፣ እጅሽን እስከ ክርንሽ ታጥበሽ፣ ትርፉን ቁልፍ ከመሳቢያው አወጣሽ።

«ነይ» አልሽኝ። «ግን አንቺ እዚያው። ሕግ ሕግ ነው።»

አማትበሽ ገባሽ። እዚያ ክፍል ውስጥ አማትቦ የሚገባ ሰው አንቺን ብቻ ነው ያየሁት። ሳቅሁብሽ፣ አንቺም «ዝም በይ፣ ባለጌ» ብለሽ ሳቅሽ።

ሦስቱን እንዴት እንደሠራሻቸው ቆሜ አይቻለሁ። ቅጠሉን በሁለት ጣት ከፍ ታደርጊና ከሥሩ ያለውን ታዪያለሽ። «እዪ፣ ይሄ ብርሃን ከልሏል፣ ይውጣ። ይሄ ደግሞ ልጅ ነው፣ ይቆይ።» ያነሳሽውን አገዳውን ወደ አንድ ወገን አሰልፈሽ ማጥለያው ላይ ታስተኚዋለሽ። የሚጣል መሆኑን እያወቅሽ። እጅሽ ቅጠል መጣል አያውቅማ።

«አባትሽ መቁረጥ አይችልም» አልሽኝ። «ያንቺን ጥፍር እንኳ ቆርጦ አያውቅም፣ ደም ይመጣል ብሎ። እኔ ነገሩን አልወደውም። ግን አሁን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ራሱ ያስራል፤ አይቻለሁ። ካሳደገው አይቀር በደንብ ይደግለት።»

«ልደውልለት?» አልኩሽ።

«እንዳትነግሪው! ሲመጣ እኔው ነኝ የማሳየው። እስቲ ይደነቅ።»

እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ፊትሽ ላይ የተክሎቹ መብራት ወይን ጠጅ ብርሃን አርፎ፣ ልጅ መስለሽ ነበር።

አራተኛው ላይ ስትደርሺ ወሬ ጀምረሽ ነበር። በነሐሴ በረዶ ወርዶ ስለበጣጠሰው የጓሮ ጎመንሽ ነበር የምታወሪው። አፍሽ ጎመን ጎመን ሲል እጅሽም ተከተለው። ከሥር ወደ ላይ፣ ከሥር ወደ ላይ ቀነጠስሽው፤ አናቱ ላይ ትንሽ ብቻ አስቀረሽ፣ ልክ ጎመን ላይ እንደምታደርጊው። ጎመን ከአናቱ ያቆጠቁጣል። ይሄ ግን አበባ ይዞ ነበር፣ ከእንግዲህ አያቆጠቁጥም። እኔ አይቼው ነበር፣ እማዬ። «በዛ እኮ» ልልሽ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ወሬሽን ላለማቋረጥ ብዬ ዝም አልኩ፤ ወይም ዝም ማለት ስለለመድኩ።

«ውይ» አልሽ በመጨረሻ፣ ቀና ብለሽ።

አባዬ ወገቡ ተነስቶበት ቀደም ብሎ የመጣው ያኔ ነው። እኔን አልፎ ገባ። ሦስቱን አላያቸውም፤ ዓይኑ ቀጥታ አራተኛው ላይ አረፈ፣ ከዚያ ማጥለያው ላይ።

«እንደ ጎመን ዘነጠልሽው!» አለ። «እኔ የማልኖርበትን ቀን ጠብቀሽ! የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ናቸው አይደል የመከሩሽ? ልታጠፊው ነው የገባሽው!»

ልትመልሺለት አፍሽን ከፍተሽ ነበር። ከዚያ ፊትሽ ተለወጠ። አንቺ ስትናደጂ የተባልሽውን ነገር ራስሽ ትለብሺዋለሽ።

«አዎ» አልሽው። «ሀሺሽህን ልነቅልልህ ነው የመጣሁት። ባትመጣብኝ ኖሮ ሥሩንም አላስተርፍልህም ነበር።»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እኔን ሲያናግር ሁልጊዜ ዝቅ ያደርጋል። «እምነት፣ አንቺ እዚህ ነበርሽ። እውነቷን ነው?»

አንቺም አየሽኝ። ዓይንሽን አልረሳውም። እንድናገርልሽ የፈለግሽ ይመስለኛል፣ ራስሽ መናገር ስላልቻልሽ። እኔ መሬቱን አየሁ።

«አላውቅም» አልኩ።

እማዬ፣ አውቅ ነበር። ከአንቺና ከእግዚአብሔር ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ አክስቴ መጥታ ወሰደችሽ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺ አታውቂም። ተክሎቹ መጀመሪያ ሁሉም ደነገጡ፣ ማደጋቸውንም አቆሙ። አባዬ አለቀላቸው ብሎ ነበር። ከዚያ ሦስቱ ቀና አሉ። ታች ጨለማ ውስጥ የነበረው አበባ ብርሃን አግኝቶ ሞላ፣ አሁን ቅርንጫፉን እያጎነበሰው ነው። አራተኛው አልሞተም። ግን እንደ ቀነጠስሽው ቀርቷል፣ አበባውም ጥፍር አክሎ ቆመ። አባዬ ሊነቅለው ይችል ነበር፣ ቦታ ይዟል። አልነቀለውም። መብራቱ ወደሚቀርበው ቦታ አዛወረው።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ኤርሚያስ መጣ። እኔ ደጃፌ ላይ ነበርኩ።

«እነዚህን ሦስቱን ማን ነው የሠራቸው?» አለ። «እኛ ጋ ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ አይመርጥም። እዚያኛው ላይ ደግሞ ማን ነው ያበደበት?»

«ሰርካለም ናት» አለ አባዬ።

«ሦስቱን ወይስ አንዱን?»

«ሁሉንም።»

ጋሽ ኤርሚያስ ከሦስቱ የአንዱን ቅርንጫፍ ቀና አደረገ። «ፍቅሬ፣ ሊያጠፋ የመጣ ሰው ይመርጣል እንዴ?»

«ራሷ ነች ያለችኝ። ልነቅለው ነው የመጣሁት አለችኝ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቷም ቆማ ነበር፤ ጠይቃት።»

ጋሽ ኤርሚያስ አልጠየቀኝም። እኔም ወደ ላይ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ ስለ ኤርፖርቱ ባቡር ያወሩ ነበር። ያን ቀን መመለስ እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከሄድሽ ወዲህ አባዬ ጠዋት ሲወርድ «እንደምን አደራችሁ» አይልም። ውሃውን ያጠጣል፣ ይቆልፋል፣ ይወጣል። ማጥለያውን ደግሞ አጥቦ አንቺ በምትሰቅይበት ሚስማር ላይ ሰቅሎታል። መኮሮኒ ስቀቅል በሌላ ነው የማጠልለው። አውርጂው አይለኝም፣ እኔም አላወርደውም።

ቅጠል ይነሳ ወይስ አይነሳ እናንተ እንደምትከራከሩት አላውቅም። ሦስቱን ጠቀማቸው፣ አራተኛውን ጎዳው፣ እጁ ግን አንድ እጅ ነው። ያ እጅ ለምን እንደገባ ግን አይቻለሁ። አባዬ ደግሞ አላየም። አንቺም አትነግሪውም፣ እልኸኛ ነሽ። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ። የቀረው ሰው እንደ እኔ ዓይን አፋር መሆኑ ያሳዝነኛል።

ነገ አርብ አባዬ ዕረፍት ነው። ጠዋት ሊያጠጣ ሲወርድ ተከትዬው እወርድና ሕጉ የሚፈቅድልኝ ቦታ ላይ እቆማለሁ። የምለውን ሻወር ውስጥ ስለማመደው ሰነበትኩ። «አባዬ፣ እማዬ የገባችው ልታግዝህ ነው። ልታስደንቅህ ነበር። አራተኛው ላይ እጇ ተሳሳተ። እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ።» ረጅም ነው። እንዲህ ረጅም ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከዚያ ከትምህርት ቤት ስወጣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ባስ ይዤ ሎውሪ እመጣለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ በእጄ እሰጥሻለሁ። እስኪ ቅዳሜ ከመፍረምሽ በፊት አንብቢው። ካነበብሽው በኋላም መፈረም ከፈለግሽ አልጋዬን ራሴ እገጥመዋለሁ።

አባዬ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ይሄኛው «አላውቅም» እውነተኛው ነው። ግን ነገ ሲያየኝ መሬቱን አላይም።

ደጃፍ ላይ የምትቆመው ልጅሽ፣
እምነት