የእናቴ ፊርማ የጠፋበት ውል

ቀን፦ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀሃ ማዶ የሰነዶች አገልግሎት ማዕከል ኃላፊ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ፋይል ሲዋሃድ የጠፋው የእናቴ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ከዋናው ፋይል እንዲረጋገጥልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች እንኳየሁ ወልደ ዮሐንስ የወለቃ ነዋሪ ስሆን፣ ለክቡርነትዎ የምጽፈው በመስኮት የሚሰጠኝን መልስ ማመን ስላቃተኝ ነው።

1. እናቴ ወ/ሮ ምንዳዬ አብረን የኖርንበትን የወለቃ ቤት በስጦታ ውል ሰጥታኛለች። ከጥምቀት በኋላ ማዕከልዎ ቀርባ፣ ውሉ ተነብቦላት፣ ጣቷን አሻራ መቀበያው ላይ አድርጋ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ፈርማለች። «ምነው፣ ይኸ ቀለም የለውም እንዴ?» ብትል፣ ሠራተኛው አቶ ምናለ ፊርማዋ እዚያው ውስጥ እንደገባ ነገራት። ወንድሜ አቶ አወቀም ስጦታውን እንደማይቃወም በወረቀት ላይ በእስክርቢቶ ፈርሞ፣ ወረቀቱ ስካን ተደርጎ ተቀመጠ።

2. እናቴ በየካቲት ዐረፈች። በአርባዋ ማግስት ወንድሜ ወደ ማዕከልዎ ሄዶ፣ የመሪጌታ ልጆች ውል ያለ በስመ አብ አይጀመርምና ከላይ ይጻፍልን ብሏል። እርግጥ አባታችን መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ያለዚያ አንድም ወረቀት ጽፈው አያውቁም። ወንድሜ ግን ለተስካር ካልሆነ ደጀ ሰላም ሲረግጥ አይታይም፤ ይህ መንፈሳዊነት በዚያ ሳምንት ከየት እንደመጣበት እስካሁን አልገባኝም። አቶ ምናለም ቃሉን ከውሉ አናት ላይ ጨምሮ፣ ውሉንና የወንድሜን ወረቀት ወደ ምስል ቀይሮ አንድ ፋይል አደረጋቸው። ስጠይቀው «በስመ አብ ይጨመር ሲሉኝ እንዴት እምቢ ልበል?» አለኝ። ሲናገር ግን ዓይን ዓይኔን አላየኝም።

3. ከዚያ ወዲህ ፋይሉ ሲመረመር ፊርማ የለም ይላል። ከተፈረመ በኋላ ጽሑፉ የተነካ ወይም ወደ ምስል የተለወጠ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ ፊርማው እንደሚፈርስ የነገሩኝ የራስዎ ሠራተኞች ናቸው። የወንድሜ ፊርማ ቀድሞም የወረቀት ምስል ስለሆነ ምንም አልሆነም። አሁን እሱ፣ «እናታችን ባልፈረመችው ውል ላይ የእኔ አለመቃወም ዋጋ የለውም» እያለ፣ ቤቱ ለውርስ ክፍፍል እንዲቀርብ ጠይቋል። ስሕተት ነው እንዳልል፣ ስሕተቱ የጠቀመው እሱን ብቻ ነው። ተንኮል ነው እንዳልል፣ ማስረጃ የለኝም። ወንድሜን መጠርጠር ደግሞ ከቤቱ በላይ ያመኛል።

4. ባለፈው ሳምንት ጉዳዬን ላስረዳ ስቀርብ፣ በመስኮት ያለችው ሠራተኛ ጥቁር ልብሴን እያየች «ቀላል ነው፣ እናትዎ መጥተው ድጋሚ ይፈርሙ» አለችኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ።

ስለዚህ ከመዋሃዱ በፊት የነበረው ዋናው ፋይል በእኔና በወንድሜ ፊት ተከፍቶ የእናቴ ፊርማ እንዲመረመርልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የተዋሃዱ ሰነዶች ዋና ፋይሎች በወሩ መጨረሻ ይሰረዛሉ ስለተባልኩ፣ እስከዚያው ማንም እንዳይነካው በጽሑፍ ይታገድልኝ። አቶ ምናለም ብቻውን እንዳይከፍተው እለምናለሁ። ለወደፊቱም ሰነድ የሚዋሃድ ከሆነ አስቀድሞ ተዋህዶ በመጨረሻ ይፈረም፤ የተፈረመው ሳይነካ ለብቻው ይያያዝ።

እናቴ የዚያን ዕለት፣ ቀለም እንደሌለው እየተነገራት፣ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ነው የወጣችው። ነጠላው እኔ ዘንድ አለ፤ ምንም ምልክት የለበትም። መፈረሟን የሚመሰክርልኝ እርስዎ ዘንድ ያለው ፋይል ብቻ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

እንኳየሁ ወልደ ዮሐንስ
ፊርማ፦ በገዛ እጄ፣ በቀለም