አየር ምን ንብረት አለው?

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና፣ ነፋስ የለም

ይድረስ ባሕር ላይ ለምትኖሪው ልጄ፣

«ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ያቺ «በስተቀር» የምትባል ቃል ስንቱን እንደምትሸፍን ስለማውቅ ተውኳት። ጤናዬ ደህና ነው። ጉልበቴም ቢሆን ካልነካሁት አይነካኝም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሥራ ቦታ፣ አየር መለኪያ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። ፊኛችንን ጋዝ እየሞላን ሳለ ፖስተኛው በአጥሩ ላይ አቀበለኝ። ባልደረባዬ «አንብቢው፣ ሰማዩ የትም አይሄድም» አለኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ፊኛውን ለቀቅኩት። እንደምታውቂው ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ እሱም እየተነፋ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ይፈነዳና መለኪያው ብቻ ይወርዳል። ዛሬ ወዲያው ደመናው ዋጠው። ይህ ደመና ሳምንቱን ሙሉ አልተገፈፈም፤ ፀሐይን በዓይናችን ካየናት ሰነበትን።

ከዚያ አነበብኩ። መርከባችሁ ድምፅ ወደ ታች ልካ፣ ድምፁ የባሕሩን ወለል ነክቶ እስኪመለስ ትጠብቃለች፤ በዘገየ ቁጥር ጥልቅ ነው ማለት ነው ብለሻል። ወይ ጉድ አልኩ። እኔስ መልስሽን ስጠብቅ ከርሜ የለ? በዚህ ስሌት በጣም ርቀሻል። እዚያ ታች ያለው የውኃ ክብደት ብረት ያጣምማል ማለትሽም ገርሞኛል። እኛም ብንሆን አየር ተሸክመን ነው የምንኖረው፤ ስለለመድነው አይታወቀንም እንጂ ክብደት አለው።

ከባሕሩ ሥር ተራራና ሸለቆ እንዳለ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት። መርፌውን ከአፏ አውጥታ፣ «ታዲያ ተራራ ለማየት ውኃ ውስጥ መግባት ምን አመጣው? የደረቁ አልቆ ነው?» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ የጠየቅሽኝን ነገርኳት፤ ሦስት ዓመት እዚያው ባሕር ላይ የሚያስቀረውን አዲሱን ውል ልፈርም ወይ፣ አንቺ ነይ ካልሽ ግን ዕቃዬን ሸክፌ እመጣለሁ ያልሽውን። ሳቋን አቆመች። «ምኑ ያሳስባል፤ ነይ በያት እንጂ። ባሕሩ እንደሆነ የትም አይሄድም» አለች። ዛሬ ሰው ሁሉ የትም የማይሄድ ነገር ይቆጥርልኛል።

ትንሽ ሳለሽ ሬዲዮው «የአየር ንብረት» ሲል ሰምተሽ፣ «አየር ምን ንብረት አለው? ቤት አለው? በግ አለው?» ያልሽው ትዝ ይልሻል? አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «እሱም እንደኛው ድሃ ነው፤ ያለው ነፋስ ብቻ ነው» ብሎ አሳቀሽ። እኔ ደግሞ ነገሩን ቁም ነገር አድርጌ፣ የአየር ሁኔታ ማለት ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደው ነው፤ ንብረቱ ግን ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ከአገሩ የማይጠፋው ነው አልኩሽ።

እንግዲህ «እንዴት ነሽ» ላልሽኝ በዚሁ ልመልስልሽ። ሁኔታዬ ደህና ነው። ትናንት ስቄያለሁ፣ ዛሬም በልቻለሁ። ንብረቴ ግን ብቸኝነት ነው፣ ልጄ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ከሥራ ስገባ «ነገ ይዘንባል?» ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። እኔው ለራሴ ነግሬ እተኛለሁ።

ይህን የምነግርሽ እንድትመጪ አይደለም። ዘመኔን ሁሉ ያላየሁትን ሰማይ ጽፌ አላውቅም፤ ደመናውን ፀሐይ ነው ብዬ ማንንም አላታለልኩም። ለአንቺም ስል አልጀምርም። ፈርሚ። ማንም ያላየውን ተራራ የምታይ ልጅ ለአሮጊት ጉልበት ብላ አትመለስም።

አምላክ ከላይም ከታችም ይጠብቅሽ። ማዕበሉ ይተኛልሽ፤ የላክሽው ድምፅ ሁሉ መልስ ይዞ ይመለስልሽ።

ሰፈሩ «ወይዘሮ ደመና» የሚላት እናትሽ

ረስቼው፦ ዛሬ ከሥራ እንደገባሁ ፍራሽሽን አውጥቼ አጥሩ ላይ አሰጣሁት፤ አንሶላሽንም ቀየርኩ። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ፀሐይ ስለነበረ ነው።