ጉም የለበሰው ክሪስታል

ማክሰኞ

ጥቁር ካፖርቴ ተወሰደ። በነሐሴ ብርድ፣ በላስታ ደጋ፣ ካፖርት ለሳጥን ይደረባል? የእህቴ ልጅ ትርንጎ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችው ሳጥን ከእኔ በላይ ሞቆታል። ውስጡ ክሪስታል አለ፤ የሳሙና ቁራጭ ያህላል፣ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ከሰማይ የሚወርድ፣ ዓይን የማያየው ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ ይላል፤ ብልጭታውን መሣሪያ ይቆጥራል። ቅንጣቱ ከፍታ ላይ ስለሚበዛ ነው እዚህ ድረስ ያመጣችው። ፈተናውን ካለፈ፣ የፊዚክስ ሰዎች ለትልልቅ መመርመሪያዎቻቸው ይመርጡታል። ቅዳሜ ክሪስታሉንም ውጤቱንም ይዛ በጋሸና በኩል ካልወረደች መመረቋ ለከርሞ ነው።

ቁጥሩ ያለ ልክ በዛ። ለካ በካፖርቱም ሥር ብርሃን ሾልኮ ይገባል። የሳጥኑን መጋጠሚያ ሁሉ በሚጣበቅ ጥቁር ናስትሮ አሸግሁት። ማንም ሳያስተምረኝ ሬዲዮ ስጠግን የኖርሁት በከንቱ አይደለም።

ረቡዕ

ደህና ቆጠረ። ማታ መብራት ሄደ፤ የመሣሪያው ቀይ መብራት ብቻ በባትሪ ብልጭ ይላል።

እህቴ አንጓች፣ "በጨለማ የሚያበራው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"አንድ ነገር ሰፍሮበታል፤ ብርሃን አይወድም" አልኋት። ድንጋጤዋን እያሰብሁ ስስቅ አመሸሁ።

ሐሙስ

ክሪስታሉ ወተት መስሏል። ብልጭታው በግማሽ ወርዷል። እርጥበት እንደማይወድ ትርንጎ ገና ስትገባ ነግራን ነበር።

ጓዳ ገብቼ አንጓችን ጠየቅኋት። "ከአባ ወልደ ሰንበት ጠበል አምጥቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ ረጨሁበት" አለች በቀስታ። "ሰፍሮበታል ያልኸኝ አንተ አይደለህ?"

ለትርንጎ ምን ልበላት? "ጉሙ ነው፤ በመስኮት ገብቶ" አልኋት። አመነችኝ። ባታምነኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ ክሪስታሉን በንጹህ አልኮል ስንወለውል ዋልን። ጨርቁ የመነጽሬ ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርን፤ ሁለት ጊዜ ጎደለ።

"ይተዉት ጋሼ፤ ለከርሞ ይሁን" ብላ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ለመንኋት።

በሦስተኛው ቁጥሩ ከረቡዕ ጋር ገጠመ።

"የላስታ ጉም ጉድ ሊያደርገኝ ነበር" አለች እየሳቀች። "ጽሑፌ ላይ አሰፍረዋለሁ። ምስክሬ እርስዎ ነዎት።"

ሐሰቴ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ከራት በኋላ እነግራታለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ትርንጎ ከፈተች። አባ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ሙሉ ጀሪካን ይዘዋል።

"የትናንቱ አልበቃውም ብላ አንጓች ላከችብኝ" ይላሉ። "የሰፈረበት ሳጥን የትኛው ነው?"

ትርንጎ ወደ እኔ እየዞረች ነው።